እንገር ያልቀመሰው ጥጃ

ጥጃ ሊገዛ የመጣው አድላቢ መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳ ወደ ግቢው ሲያስገባ፣ የቤቱ ልጅ በረት ውስጥ ጥቁሩን ጥጃ አንገቱ ሥር እያሻሸች ነበር። «ዛሬን ብቻ ቻለው» አለችው ቀስ ብላ።

ጥጃዎቹ የወተት ላሞች ልጆች ናቸው። ወተት ሻጮች ወንድ ጥጃ ሲወለድ ፊታቸው ይጠቁራል፤ አይታለብም፣ ወተት ግን ይጨርሳል። አባቷ እነዚህን እየገዙ በባልዲ ወተት ያጠጡ፣ ፉርሽካና ድርቆሽ ያስለምዱ፣ ጠንከር ሲሉ ለሥጋ ለሚያደልቡ ይሸጡ ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ሥራው የእሷ ሆኗል። ለእሳቸው የቀረላቸው ቃላቸው ነው። አድላቢው ሌላ ቤት ሲገዛ አፍ ይከፍታል፣ ጭራ ይገልጣል፣ ሆድ ይዳብሳል። እዚህ ግን በር ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌ ፊት ቆሞ «አባባ፣ ይጫኑ?» ይላል። «ይጫኑ» ካሉ አለቀ።

እንገር ሳይጠጣ ከእናቱ የተለየ ጥጃ ግን በነጻ ቢሰጧቸውም አይወስዱም ነበር። ያ የመጀመሪያው ወፍራም ወተት ካልገባበት፣ በሽታ ሲመጣ የሚቋቋምበት ጉልበት የለውም። እሷም ይህን ታውቃለች። ግን የላሟ ባለቤት «ካልወሰድሽው እዚሁ ይሞታል» ሲላት፣ ጥቁሩም ጣቷን ይዞ መጥባት ሲጀምር፣ አመጣችው። ለአባቷ «እንገሩን ጠግቧል» አለቻቸው። ማሳል ሲጀምር ደግሞ አባቷ እንዳይሰሙ ከቤቱ ራቅ ወዳለው የበረቱ ጥግ አዛወረችው።

«አባባ፣ እንዴት ዋሉ?» አለ አድላቢው ከመኪናው ወርዶ።

«ደህና ነኝ ልጄ። ድምፅህ ወፍሯል፤ ጥጃ ነው ወይስ ራስህን ነው የምታደልበው?»

«ሚስቴን ይጠይቋት፤ የምትመዝነኝ እሷ ናት።»

አባቷ ሳቁ። እሷ ዘግይታ ሳቀች። ጥጃዎቹን ከበረቱ እየነዳች ወደ ግቢው ስታወጣ ጥቁሩን መሐል አስገባችው። መኪናው ጋ ሲደርሱ ጥቁሩን ሳል ያዘው። ደረቅ ሳል ነበር፤ አንገቱን ዘርግቶ ደጋገመው።

አድላቢው ወደ ጥጃው አልዞረም። የዞረው ወደ አባቷ ነው። «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አባቷ ፊታቸውን እሷ ወደቆመችበት መለሱ። ጠበቋት። እሷ የጥቁሩን አንገት ማሻሸት ያዘች።

«አቧራ ነው» አሉ አባቷ። «ድርቆሹ አቧራ አለው።»

«ይጫኑ?»

«ይጫኑ።»

አባቷ ሲዋሹ ሰምታ አታውቅም። ጉልበታቸውን እያሹ ነበር፣ ያመማቸው ይመስል። አድላቢው ሳንቃውን ዘርግቶ ጥጃዎቹን አንድ በአንድ እየገፋ ሲጭን፣ እሱ ቤት ስላሉት ጥጃዎች ያወራ ነበር፤ እንዴት እንደሚዘሉ፣ ልጆቹ እንዴት እንደሚያባርሯቸው። እሷ ደግሞ የምታስበው ጥቁሩ እነሱ መሐል ገብቶ ሲስል ነበር። አሁን እውነቱን ብትናገር የምታዋርደው አባቷን ነው። ዝም ብትል ደግሞ ያ ሁሉ ጥጃ ሊታመም ነው።

«ጥቁሩን አውርድልኝ» አለች።

«ምነው?»

«አልሸጠውም። በጡጦ ያሳደግኩት ነው፤ ሆዴ አልቻለም።»

አድላቢው ከልቡ ሳቀ። «ጉድ ነው እኮ። ጥጃ ነጋዴ ሆነሽ ለጥጃ ታለቅሻለሽ? እንግዲህ ስም አውጪለትና አልጋሽ ላይ አስተኚው።»

«አንተ አውርደው ብቻ።»

ሳንቃው ላይ እንደቆመ ሳቁ ቆመ። የጥቁሩን ጎን አየ፤ ጎድን አጥንቱ በፍጥነት ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ በር ላይ የተቀመጡትን አባቷን አየ፤ መጨረሻ ላይ እሷን። ወርዶ ተጠጋትና፣ አባቷ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሌሎቹስ?» አላት።

«ደህና ናቸው። እውነቴን ነው።»

እዚህ ግቢ ውስጥ «ይጫኑ» ማለት ይበቃ ነበር፤ «እውነቴን ነው» ብሎ የሸጠ ሰው ኖሮ አያውቅም። ካለችው በኋላ ፊቷ ጋለ።

አድላቢው ወደ መኪናው ተመለሰ። ጥጃዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ፣ ጀርባቸውን መታ መታ እያደረገ አወረዳቸው። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ «አባባ፣ ጎማዬ አላማረኝም፤ ጭነት አልጨምርበትም። ሌላ ቀን እመለሳለሁ» አለ።

«ጥሩ ልጄ። በሰላም ግባ።»

መኪናው ሳንቃው እየተንኳኳበት ወጣ። አባቷ ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጡ።

«ባዶውን ሄደ።»

«አዎ አባዬ።»

«እንገር አልጠጣም አይደል?»

«አልጠጣም።»

ቢቆጧት ይቀላት ነበር። አባቷ ግን እጃቸውን ዘረጉ። «ደውይና ስልኩን ስጪኝ። አቧራ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ልንገረው።»

ደውላ ሰጠቻቸው። የአድላቢው ድምፅ እሷ ድረስ ይሰማ ነበር።

«አቤት አባባ።»

«ልጄ፣ ስለዚያ ጥጃ...»

«ኧረ ይተዉት አባባ» አለ ቶሎ ብሎ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እንደ ወትሮው አክብሮት የሞላበት ነበር፤ የእሳቸውን ቃል ግን አልጠበቀም። «አቧራ ነው አላሉኝም? በቃ፣ አቧራ ነው። አያስቡ አባባ፣ አቧራ ነው።»

እውነቱን ሳይናገሩ ስልኩ ተዘጋ። አባቷ ግን ከጆሯቸው አላነሱትም። እሷም እጇን ዘርግታ ልትቀበላቸው አልደፈረችም፤ አጠገባቸው ቆመች።