ጋሽ ልሳኑን ምን አዞራቸው?

፩

ከመሰላል አልወደቁም። መሰላሉ ገና መሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ፣ ጣሪያውን ቀና ብለው እንዳዩ፣

ዘጭ!

ጋሽ ልሳኑ ኮርኒስ ቀቢ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን አንገታቸውን ሰቅለው የሰው ጣሪያ ሲያስውቡ ኖሩ። የራሳቸው ቤት ኮርኒስ የለውም።

፪ ምክንያቶች፣ እንደ ጠያቂዎቹ አመጣጥ

ወይዘሮ አትጠገብ፦ ስኳር ነው። (ስኳር ያለባቸው እሳቸው ናቸው።)

አቶ ምንይችል፦ ግፊት ነው። (የራሳቸውን ኪኒን ከኪሳቸው አውጥተው «ግማሿን ይዋጧት» አሉ።)

የአትጠገብ እህት፦ የሰው ዓይን ነው፤ ሰሞኑን አዲስ ኮት ለብሰው ነበር። (ኮቱን አይቼዋለሁ። ለዓይን አያበቃም።)

እኔ፦ ባዶ ሆድ። ምን ላድርግ፣ ጎረቤት ሆኖ ዝም ማለት ነውር ነው።

፫ የተዘለለ ምክንያት

አንገት።

ይህን ያለው የጤና ጣቢያው ሐኪም ነው። «ከጆሮም ሊሆን ይችላል። ግን እጅዎንም ስለሚያደነዝዝዎ የአንገትዎ አጥንት ያሰጋኛል። ራጅ ይነሱ። እስከዚያ ማንም አንገትዎን እንዳያጣምም!»

ባለቤታቸው እትዬ የሺመቤት ይህን ደጋግመው ነገሩን። «ልጅ እግር ሐኪም ምን ያውቃል?» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። ቆሎው ዞረ።

፬

አያ ደምሰው ገቡ። ወጌሻ ናቸው፤ በሰፈሩ እሳቸው ያላሹት ቁርጭምጭሚት የለም።

— ልሳኑ፣ ና ተቀመጥ። አንዴ ቋ ማድረግ ነው።

— አንገት እኮ ነው አያ።

— አንገትስ መገጣጠሚያ አይደለም?

— ነገ የሆቴሉን አዳራሽ ካልጀመርኩ ሥራውን ለሌላ ይሰጡታል። ይሻለኛል ይላሉ?

— ነገ መሰላልህ ላይ ነህ!

የሺመቤት «ሐኪሙ እኮ...» ከማለታቸው ባላቸው ቀደም ብለው፣

— ተይ እንግዲህ አንቺ! ሰው ሊረዳን መጥቶ!

፭ መመሪያ ለአንባቢ

በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጥ።

ቆሎ ዝገን።

እወቅ፦ እዚህ ቤት ሊረዳ የመጣን ሽማግሌ መመለስ ነውር ነው። አንገት መስበርን ግን እስካሁን ማንም ነውር ነው አላለም።

አያ ደምሰው አንድ እጃቸውን አገጭ ሥር፣ ሌላውን ማጅራት ላይ አድርገዋል። የየሺመቤት ዓይን ሁላችንንም ለመነ። አትጠገብ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ምንይችል ጣሪያውን አዩ። የእኔን አፍ ቆሎ ሞልቶታል።

አያ ደምሰው «ትከሻውን ያዝልኝ» አሉህ።

፮ የአንባቢ ተራ

አንተ፦ «