ለአራስ የተገዛ ቅቤ

ለንሳ የሳፋውን ውኃ ደፍታ ሳትጨርስ ኡርጌ መጥታ ከኋላዋ ቆመች። ኡርጌ ስትራመድ ኮቴዋ አይሰማም፤ ሰው ሊደብቅ ያሰበው ነገር ላይ መድረስ ተሰጥዖዋ ነው።

«ከክፍልሽ አትውጪ ተብለሽ የለም እንዴ?» አለች፣ ዓይኗን ከነጠላው ባመለጠው ሆድ ላይ ተክላ። «ጓሮውን አቋርጠሽ ማድ ቤት ስትገቢ ድንኳን ያለው ሰው ሁሉ አየሽ።»

«ውኃው ካልተቀየረለት ቅቤው ይሸታል» አለች ለንሳ። ከጀሪካኑ ቀዝቃዛ ውኃ ቀዳችና ከዳር በኩል ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። በሳፋው ውስጥ ኮባ ቅጠል ተነጥፎለት ሁለት ትልልቅ ድቡልቡል ለጋ ቅቤ ተቀምጧል። አንደኛው ላይ ውኃው በቀጥታ እንዳይወርድበት እጇን ጋረደችለት።

ኡርጌ ቅቤውን አይታ ከንፈሯን መጠጠች። ለቅሶ ቤት ቅቤ እንደማይነጠር፣ መዓዛው የደስታ ቤት መዓዛ እንደሆነ፣ አውጥታ ለጎረቤት ብትሰጠው ቢያንስ ጽድቅ እንደሚሆናት ነገረቻት። ለንሳ ሳፋውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችና ወደ ታዘዘችበት ጥግ ተመለሰች።

ሟቿ የለንሳ እናት ጉዴ ናት፤ ትናንት ተቀበረች። ኡርጌ የጉዴ ወንድም የኦቦ አመዩ ሚስት ስትሆን፣ ባልና ሚስቱ ከጭልሞ ደን ጫፍ ካለው ቀያቸው የደረሱት አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ነው። ኦቦ አመዩ እህቱን አለቀሰ። እውነቱን ለመናገር ከልቡ ነው ያለቀሰው። ዓይኑን ጠርጎ ቀና ሲል ግን መጀመሪያ ያየው የእህቱን ልጅ ሆድ ሆነና፣ ከዚያ ወዲህ ለንሳ በውስጠኛው ክፍል ጥግ ወፍራም ጋቢ ተደርቦባት ትቀመጣለች። የሐዘን ወግ ነው ተባለ። በግንቦት ሙቀት በነጠላ ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ወግ በአምቦ ታይቶ አይታወቅም። ለቀስተኛውም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ሲያበቃ ዓይኑ ወደ ጋቢው ይወርዳል።

ሆዱ ሰባት ወሩ ነው። ለንሳ እጃጂ ታስተምራለች። የልጁ አባት ባኮ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ነገሩን ሲሰማ ዝውውር ጠይቆ ሄደ፣ ስልኩም ተዘጋ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የሚነገር የለም።

ስለ ጉዴ ግን የሚነገረው አያልቅም። በድንኳኑም፣ በቤቱም፣ ንፍሮው በሚዞርበት ሁሉ የሚወራው አንድ ነው፦ የጉዴ ቅቤ። በዚያ ሰፈር ሴት ወሯ ሲገባ ለጋ ቅቤዋን በኮባ ጠቅልላ የምትሄደው ወደ ጉዴ ነው። ጴንጤዋም፣ ኦርቶዶክሷም፣ ባሏ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው የመምህሩ ሚስትም። ጎረቤቷ እትዬ እንቁ፣ በእድሩ በኩል ንፍሮ ቀቃይ ሆና የተመደበችው፣ ትሪውን ይዛ እየዞረች በሹክሹክታ የምትለው ይህንኑ ነበር።

«አራቱንም የወለድኩት በጉዴ ቅቤ ነው» አለች ለአንዲት እንግዳ። «በመጨረሻዋ ልጅ ጊዜ ራሴ ላንጥር ብዬ ከድኜው ሄድኩና ገንፍሎ ማድ ቤቴን ሊያቃጥለው ነበር። መጥታ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹ቅቤ አይከደንም፣ ሚስጥር የለበትም› አለችኝ።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ካልተሳቀ የት ይሳቃል። ለንሳም ከጋቢዋ ውስጥ ፈገግ ልትል ስትል፣ ኦቦ አመዩ ከበሩ ብቅ ብሎ በእጁ ጠራት።

በመተላለፊያው ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ነገ በማለዳው መኪና ባኮ ትሄዳለች። የኡርጌ እህት ቤት ሰፊ ነው፤ እዚያ ትወልዳለች፣ ልጁ ጠና ሲል ያኔ ይታያል። እሁድ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከነመዘምራኑ ለማጽናናት ሲመጡ እንዲህ ሆና አያገኟትም። ቤቱ እስከዚያው ይዘጋል።

«እናትሽ ስም ነበራት» አለ። «ስሟ ከሷ ጋር በክብር ይረፍ። ሌላ አልጠየቅኩሽም።»

ለንሳ ተመልሳ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ውስጧ የነደደው ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ንዴትም ነበር። ስም ነበራት ይላል! ያ ስም ከምን እንደተሠራ ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚህ ግቢ ውስጥ የለም።

እሷም ያወቀችው በዚህ ዓመት ነው። ከእጃጂ መጥታ ጉዷን ለእናቷ የነገረቻት ቀን ጉዴ ማድ ቤት ቁጭ ብላ የሰው ቅቤ ታነጥር ነበር። ለንሳ ቃላት አዘጋጅታ ነበር፤ ከደጃፉ ስትደርስ ሁሉም ጠፉባትና እንዲያው «አርግዣለሁ አዮ» አለች። ጉዴ ቀና አላለችም። አረፋውን በማንኪያ እየገፈፈች ስንት ወሯ እንደሆነ ጠየቀቻት። አራት ሊሆን ነው አለች።

«እንግዲያ ቅቤሽን በግንቦት እንገዛለን» አለች ጉዴ። «ቶሎ ከተገዛ ይበስላል፤ ለአራስ መካከለኛው ነው የሚሻለው። ነይ እዚህ፣ ይልቅ ስሚው።»

ለንሳ ጎንበስ ብላ ድስቱን ሰማች። ቅቤው ይንጫጫል። ጉዴ ያን ቀን ሙያውን ሁሉ ዘረገፈችላት፣ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ስታስረዳት ጆሮ ያልሰጠችውን። ድስቱ ሰፊ፣ እሳቱ ትንሽ ይሁን። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርቱ መጀመሪያ፣ እርዱ ቁንጥር ብቻ፣ አብሹ በስሱ ተቆልቶ፣ ኮሰረቱ ሊወርድ ሲል፣ አለዚያ ይመርራል። ማስቀመጫው ላይ ጠብታ ውኃ ከቀረ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። «እየተንጫጫ ከሆነ ውኃ አለበት ማለት ነው። ውኃው ሲያልቅ ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ደርሷል» አለቻት።

ከዚያ፣ ቅቤው ዝም እስኪል ሲጠብቁ፣ ያልነገረቻትን ነገረቻት። ለንሳ አባቷ ገና ሳትወለድ እንደሞተ ነበር የምታውቀው። አልሞተም፤ ሄደ እንጂ። ጉዴ በአባቷ ቤት፣ ጭልሞ አጠገብ፣ ከኋላ ባለው የእህል ቤት ውስጥ ወለደች። አባታቸው ሞቶ ቤቱን የያዘው ገና ሚስት ያላገባው ወንድሟ አመዩ ነበር። ገንፎ ይመጣላታል፣ ደረቅ ገንፎ። መካከሉ ተጎድጉዶ፣ ጉድጓዱ ባዶ። «ቅቤ ታጥቶ አልነበረም» አለች ጉዴ። «ያለ ባል ለወለደች ቅቤ አይወጣም ብለው ነው። እህሉ ሳይሆን የጉድጓዱ ባዶነት ነበር የሚያንቀኝ።» ሰውነቷ ሳይጠና ተነሣች፤ ልጇን አዝላ አምቦ ገባች። ከዚያ ወዲህ እጇ በሚደርስበት ሁሉ፣ አግብታም ትውለድ ሳታገባ፣ አንዲት ሴት ደረቅ ገንፎ እንዳትበላ ማለች። «አንቺማ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እዚሁ ነው የምትወልጂው፣ በሩን ከፍተሽ። ቅቤሽን እኔ ገዝቼ እኔ አነጥራለሁ።»

ገዛችው። በሞተችበት ቀን ጠዋት እጃጂ ገበያ ሄዳ፣ ቀምሳ፣ አሽትታ፣ ከሦስት ሴቶች ጋር ተጨቃጭቃ መርጣ በሚኒባስ አመጣችው። በቀዝቃዛ ውኃ እያሸች አጠበችው፤ የመጨረሻውን ድቡልቡል ኮባው ላይ አሳረፈችና ራሴን አመመኝ አለች። ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ለንሳ ውኃ ይዛላት ስትመጣ ልትቀበላት አልቻለችም። አስከሬኑን ያጠቡት ሴቶች እጇ ቅቤ ስለነበር ከእጃቸው ያዳልጥ እንደነበር ሲያወሩ ለንሳ ሰምታለች። በዚያ በመጨረሻው ቅቤ ላይ የጉዴ አራት ጣቶች የተጫኑበት ቦታ እንዳለ ግን እነሱ አያውቁም። ለንሳ በየጊዜው ተደብቃ ውኃ የምትቀይረው እንዳይሸት ብቻ አይደለም። ያ የጣት ምልክት እንዳይጠፋ ነው።

ባኮ ከሄደች ቅቤው ይሸታል። ብትሰጠው ሌላ ሰው ያቀልጠዋል። ሲደመደም ይኸው ነው፤ ለንሳም ተቀምጣ ነገሩን ከዚህ በላይ ማሰላሰል አላስፈለጋትም።

ጋቢውን አውልቃ አጠፈችና ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። በጓሮ በር አልወጣችም። በዋናው በር ወጥታ፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ፣ በድንኳኑ መካከል ሆዷን ይዛ አለፈች። ወሬው ተቋረጠ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሊነሣላት ሲል መሃል ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ተቀመጠ። ማድ ቤት ገብታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና እሳት አያያዘች።

የጣት ምልክት የሌለውን ቅቤ ድስቱ ላይ አደረገች። ሽንኩርቱን ከተፈች። ቢላዋው አመልካች ጣቷን ላጥ አደረጋት፣ መጥጣው ቀጠለች። ቅቤው ቀልጦ አረፋ አወጣ፣ ነጭ ሽንኩርቱና እርዱ ገባ፣ ከዚያም መዓዛው ተነሣ። በበሩ ወጥቶ ጓሮውን ሞልቶ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ በዚህ ግቢ ያወጣው ቅቤ ነው። በዚያ ድንኳን የጉዴን ቅቤ ሽታ የማያውቅ፣ በዚህ ግቢ ያ ሽታ ሲነሣ ልጅ ሊወለድ መሆኑን የማይረዳ ሰው አልነበረም።

ኦቦ አመዩ ደረሰ፤ ኡርጌም ከኋላው።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?» አለ። «የእናትሽ አፈር እንኳ ሳይደርቅ።»

«የገዛችው እሷ ናት። የገዛችው ለእኔ ነው።»

«ባኮም ቅቤ አለ» አለች ኡርጌ።

ለንሳ ማማሰያውን አስቀመጠችና ዞረች። ድምፅዋን አልቀነሰችም፣ አልጮኸችምም።

«አጎቴ፣ እኔ የትም አልሄድም። እዚሁ ቤት፣ በሩን ከፍቼ እወልዳለሁ። የመጣ ይምጣ፣ የቀረ ይቅር። ደረቅ ገንፎ ግን አልበላም።»

«ደረቅ ገንፎ ብዪ ማን አለሽ?» አለች ኡርጌ፤ ጉዴ ስትወልድ እሷ ገና በዚያ ቤት አልነበረችም።

ኦቦ አመዩ ግን ገባው። ኮፍያውን አወለቀ። ማንም ያዘዘው ሳይኖር ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ነገረችሽ?» አለ።

«ነገረችኝ።»

ድስቱን ብዙ አየው። ቅቤው እየተንጫጫ ነበር። «ነበረን» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ቅል ሙሉ ቅቤ ነበረን።»

ለንሳ አላጽናናችውም። ሊያጽናና የመጣው እሱ ነበር። ወደ ድስቷ ዞራ አረፋውን መግፈፍ ቀጠለች፤ እሱም ትንሽ ቆይቶ ተነሥቶ ሄደ። ኡርጌ ግራ ተጋብታ አንዴ ባሏን አንዴ ቅቤውን አየችና ተከተለችው።

በእነሱ ምትክ እትዬ እንቁ ገባች፣ ንፍሮ መቀቀሏን ጥላ። ከቤቷ ያመጣችውን ኮሰረት ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችውና ማስቀመጫውን እንስራ መሰል ገንቦ እሳት ዳር ገልብጣ ታደርቀው ጀመር። ከቆይታ በኋላ፣ ድንኳን ያሉት ሽማግሌዎች ምን ሽታ ነው ብለው ኦቦ አመዩን እንደጠየቁት አወራች። የእህቴ ቅቤ ነው አላቸው አሉ። ሌላ አልጨመረም፣ የባኮንም መኪና አላነሣም።

የቅቤው ጫጫታ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጣ። ለንሳ ኮሰረቱን ነሰነሰች። ድስቱ ዝም አለ። የእናቷን ድምፅ የጠበቀች ይመስል ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ራሷ አወረደችው። አጥልለው ወደ ገንቦው ገለበጡት። ከሥር እስከ አፉ የጠራ ቅቤ ነበር፣ ጉዴ የማታፍርበት።

«ያኛውንስ?» አለች እትዬ እንቁ ወደ ሳፋው እያየች። «እሳቱ ሳይጠፋ እንጨምረው እንጂ። ለጋ ሆኖ ብዙ አያድርም።»

ለንሳ ጨርቁን አነሣች። አራቱ ጣቶች በቦታቸው ናቸው። እትዬ እንቁ ጎንበስ ብላ አየች፤ ያየችውን ስታውቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ለንሳ ቅቤውን ከውኃው አውጥታ በግራ መዳፏ ያዘች። የቀኝ እጇን ጣቶች አንድ በአንድ በእናቷ ጣቶች ቦታ አስገባች። የጉዴ ጣት ወፍራም ስለነበር ቦታው ሰፋት። ቅቤው በእጇ ሙቀት መላላት እስኪጀምር ድረስ እንዲሁ ይዛው ቆየች። ከዚያ እጇን ሳታነሣ ጎንበስ ብላ እትዬ እንቁ ምድጃው ላይ መልሳ የጣደችው ድስት ውስጥ አስቀመጠችው፤ ድስቱም እንደገና መንጫጨት ጀመረ።