የደም ምልክት ያለበት ምሰሶ

አምፓሮ ጠዋት፣ እንግዶቹ ሳይመጡ፣ ምሰሶውን በመዳፏ ዳሰሰችው። እጇ ረጠበ። ከዚያ ወዲህ ፍርሃቱ አልለቀቃትም።

ይህ የማኒላ አሮጌ ሕንፃ አያቶቻችን በጎልማሳነታቸው ያቆሙት የመርከብ ድርጅት ቢሮ ነበር። የውስጥ ዲዛይነሯ አምፓሮ የተቀጠረችው የላይኛውን ፎቅ ወጣቶች ኮምፒውተራቸውን ይዘው መጥተው ጠረጴዛ እየተከራዩ የሚሠሩበት የጋራ ቢሮ እንድታደርገው ነው። ክፍሎቹን አፈራረሰች፣ ኮርኒሱን አስነሳች፣ ልስኑን አስፈቀፈቀች። ድሮ ያልተለሰነ ቤት የድሃ ነበር፤ ዘንድሮ ፋሽን ሆኗል።

ልስኑ ሲነሳ መካከለኛው ምሰሶ ላይ ቁልቁል የወረደ ቡናማ ምልክት ታየ። ፎርማኑ ማንግ ኢስኮ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኛ አገር ሕንፃ ሲጀመር ዶሮ ታርዶ ደሙ ምሰሶ ላይ ይፈሳል፤ የዶሮ ደም የጠጣ ምሰሶ የሰው ደም አይጠይቅም ይባላል።

“እንዳትነኪው ልጄ፤ አባቶቻችን ያፈሰሱት ነው” አሏት።

“ምን ዓይነት ዶሮ ብትሆን ነው ደሟ እስከዛሬ ያልጠፋው?” ብላ ሳቀችባቸው። ታሪኩን ግን ወደደችው። ምልክቱ ላይ መብራት አበራችበት፤ ለጎብኚ ሁሉ አሳምራ ታወራው ጀመር። ሳይፋቅና ሳይመረመር ቀረ።

አሁን ምረቃ ነው። ካህኑ ጸበል ረጭተዋል፤ የሕንፃው ባለቤት ማዳም ሄርሚኒያ ሳንቲም በትነው ሕፃናት ተሻምተዋል። አምፓሮ ግን ዓይኗ ምሰሶው ላይ ተተክሏል። ትናንት ወገቧ ጋ ያበቃ የነበረው ምልክት ወለሉ ደርሷል። የቆየ ደም አያድግም። ይሄ ዝገት ነው፤ ውስጡ ያለው ብረት እየተበላ ነው። በዚያ ላይ ጣሪያው ላይ ያስተከለችው አትክልት የዝናብ ውሃ ጠጥቶ ተጭኖታል።

“ውጡ! ምሰሶው ዝጓል፣ ሊወድቅብን ነው!” ብላ ጮኸች።

ሰዉ ሳቀ። “ይቺ ተዋናይ! የደሙን ታሪክ ልትጀምርልን ነው” አለ አንዱ።

“አምፓሮ፣ እንግዳ ፊት አታዋርጂኝ” አሉ ማዳም ሄርሚኒያ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ይባስ ብሎ ሁሉም ደሙን ሊነካ ይጋፋ ጀመር። አናታቸው ላይ የሲሚንቶ ብናኝ ረገፈ። ከእሷ በቀር ያስተዋለ የለም።

የማንግ ኢስኮን ክንድ ያዘች። “እርጥብ ነው፣ ከትናንት ወዲህ ወርዷል! እባክዎ፣ እርስዎን ይሰሙ ይሆናል፣ አስወጡልኝ!”

ሽማግሌው በጣታቸው ነኩት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

“ደሙ ትኩስ ነው!” ብለው አምባረቁ። “ምሰሶው ሰው እየጠየቀ ነው! ነፍሳችሁን አድኑ!”

ዲግሪ የጫነው ሁሉ ወደ ደረጃው ተንጋጋ። ማዳም ሄርሚኒያ አንድ እግር ጫማቸውን ጥለው ሮጡ፤ ካህኑም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተከተሉ። አምፓሮ የቀረ ሰው አለመኖሩን አይታ በመጨረሻ ወጣች።

መንገዱን ተሻግረው እንደቆሙ ከላይ ከባድ ነገር ተሰብሮ ወደቀ። በመስኮቶቹ አቧራ ተትጎለጎለ። አምፓሮ ሽማግሌውን አቀፈቻቸው።

“ብልሃትዎ ነው ያተረፈን ማንግ ኢስኮ! እኔ ዝገት ነው ብዬ ስጮህ ማን ሰማኝ?”

ማንግ ኢስኮ ጣታቸውን በሱሪያቸው ደጋግመው እየጠረጉ ነበር።

“የምን ዝገት?” አሏት።