ሰባት አሜን

የሺጥላ ከአደጋው ወዲህ አስራ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ቤቱ የአባቱ ነው፤ ሽሮ ሜዳ፣ ከጋቢና ነጠላ ሱቆቹ ጀርባ፣ ግማሹ መኖሪያ ግማሹ የሽመና ክፍል። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው፣ ያውም የሰፈሩ ብቸኛ ፓይለት፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ የአባቱን መወርወሪያ ኳኳታ ሲያዳምጥ ይውላል። ጎረቤቱ እየመጣ "ተመስገን፣ ተረፍክ!" ይለዋል። እሱም አንገቱን ደፍቶ "ተመስገን" ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ አጭር ነው። አንድ ባለሀብት አራት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን አለችው። የሺጥላ ያበራታል፣ ለታ የሚባል የሸጎሌ ልጅ ይጠግናታል። ያን ዕለት የሺጥላ የባለሀብቱን አባት፣ የሰማንያ ሁለት ዓመቱን አቶ መሸሻን፣ ቆላ ያለውን የልጃቸውን እርሻ ሊያሳያቸው ይዟቸው በረረ። ሲያርፉ ጎማዎቹ አልወረዱም፤ አውሮፕላኗ በሆዷ ተንሸራታ ቆመች። እሱን አንዲት ጭረት አልነካችውም። ሽማግሌው ግን ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ተኝተውም ለጠያቂው ሁሉ "ምርቃቴ ነው ያተረፈን" ይላሉ። የሺጥላ ለመርማሪዎቹ "የጎማውን እጀታ አውርጃለሁ፣ ጎማው ነው እምቢ ያለው" ብሎ ቃሉን ሰጠ። እጀታውም ወርዶ ተገኘ። ጎማ እምቢ ካለ ጥፋቱ የጠጋኙ ነውና ለታ በማግስቱ ከሥራ ታገደ።

በአስራ አንደኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ለታ ራሱ መጣ።

"እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ሾዴ!" አለ ከበሩ ላይ።

የየሺጥላ አባት ጋሽ ሾዴ እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከትተው፣ ለነጠላ ጥበብ ክር እየቆጠሩ ነበር። መልስ አልሰጡም፤ ቀና እንኳ አላሉም። የለዩትን ክር በሙሉ ለቀቁና ከዳር እንደገና መቁጠር ጀመሩ።

የለታ ፊት ጠቆረ። "አባትህም ተቀየሙኝ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ኧረ በፍጹም! ቆጠራ ላይ ናቸው እኮ። ቆጠራ ላይ ከሆኑ ንጉሥም ቢመጣ ሰላም አይሉም። ሰው ካቋረጣቸው ደግሞ ካቆሙበት አይቀጥሉም። ሰው ያቆመበትን አያውቅም፣ ያወቀ ይመስለዋል እንጂ ይላሉ። ከመጀመሪያው ነው የሚጀምሩት።"

ይህን ለስንቱ ነጠላ ገዢ ሲያስረዳ ኖሯል። ዛሬ ግን ሲናገረው ለራሱ የተነገረ መሰለው።

ለታ ተቀመጠ። ከስቷል። የሺጥላ ለጠብ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ቢሰድበው የሚመልሰውንም ሳይቀር አዘጋጅቷል። ለታ ግን ሊሳደብ አልመጣም።

"የሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የጎማውን የዘይት ቧንቧ በዋዜማው ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። ሦስቴ ነካክቼዋለሁ። አሁን ግን… ማለቴ፣ ባሰብኩት ቁጥር ማጥበቄንም እየተጠራጠርኩ ነው። እጀታውን ስታወርደው ጎማ የምታወርደው ያቺ እዝዝ የምትለው ሞተር ተሰማችህ? ከተሰማችህ ጥፋቴ ቧንቧው ላይ ነው፤ ካልተሰማችህ ሽቦው ላይ። በቃ፣ የቱ ላይ እንዳጠፋሁ ልወቀውና ልተኛ።"

የሺጥላ አፈረ። በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ያልሠራውን ጥፋት ለብቻው ሲፈልግ የከረመ ሰው፣ ፊቱ ተቀምጦ እርዳኝ ይለዋል።

"አልተሰማችኝም" አለ።

"እንግዲያው ሽቦው ነዋ!"

"ሽቦውም አይደለም። የጎማው ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ሰምቼ ነበር፤ ግን ያኛው መስሎኝ፣ ፍጥነት ሲቀንስ ሁልጊዜ የሚጮኸው…"

"ከመጀመሪያው" የሚል ድምፅ ከጉድጓዱ መጣ። ጋሽ ሾዴ ናቸው። አንገታቸው እንደተደፋ ነው፤ ጣቶቻቸው ግን ቆመዋል።

የሺጥላ ከመጀመሪያው ጀመረ። ማረፊያው ሲታየው እንደ ልማዱ ለራሱ እየነገረ ነበር፤ ፍጥነት ቀንስ፣ ነዳጅ እይ፣ ጎማ አውርድ፣ ሦስቱን አረንጓዴ መብራቶች ቁጠር። ነዳጁ ላይ ሲደርስ አቶ መሸሻ የልጃቸውን እርሻ ከላይ አዩ። ሆዳቸው ባባ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉና መመረቅ ጀመሩ። "እንደ ወፍ ያበረርከኝ ልጄ፣ ክፉ አይይህ!" አሜን። "ዘርህን ያብዛው!" አሜን። የሽማግሌን ምርቃት ማን ያቋርጣል? "ይቆዩኝ" ማለት ምርቃትን መግፋት ነው፤ እሱ ደግሞ የጨዋ ልጅ ነው። ወደ እጀታው መሄድ የነበረበት ቀኝ እጁ ለምርቃቱ ተዘርግቶ ቀረ። ሰባት ጊዜ አሜን አለ። ሲጨርሱ ጎማውን አውርዶ መብራቶቹንም የቆጠረ መሰለውና ካቆመበት ቀጠለ።

የሽማግሌ ምርቃት መሬት አይወድቅም ይባላል። ምርቃቱስ አልወደቀም፣ አውሮፕላኗ ናት።

"ከዚያስ?" አለ ለታ።

"ከዚያ ቆምን። ሽማግሌው እያቃሰቱ ነበር። እኔ…" ለታን ቀና ብሎ አየው። "እኔ እሳቸውን ከማንሳቴ በፊት እጀታውን ወደ ታች አወረድኩት። ያን ጊዜ ነው ያወረድኩት፣ ለታ። መሬት ላይ ሆነን።"

ለታ አልጮኸም፣ አልተማታም። ብቻ ከጃኬቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ጉልበቱ ላይ ዘረጋው።

"ዛሬ ጠዋት ለመርማሪዎቹ ፈርሜ ሰጠኋቸው" አለ። "ይኼ ግልባጩ ነው። 'ታስታውሳለህ ወይ፣ ታስታውሳለህ ወይ' ሲሉኝ ደከመኝ። አንተ ጋ መጥቼ የምጠይቅህም ከፈረምኩ በኋላ ነው፤ ሞኝ ነኝ እኮ።"

የሺጥላ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው። በለታ ጠማማ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ "ቧንቧውን ማጥበቅ ሳልረሳው አልቀረሁም።"

ረሳሁ የሚለውን ቃል የሺጥላ አስራ አንድ ቀን ሙሉ ከአፉ ሊያወጣው አልቻለም ነበር። ለታ ሳይረሳ ጽፎ ፈርሞበታል።

"የመርማሪዎቹ ቢሮ መቼ ነው የሚዘጋው?" አለ የሺጥላ እየተነሳ።

"አስራ አንድ ተኩል" አለ ለታ፤ ሳይጠብቀውም ወጣ።

የሺጥላ ጫማውን አጥልቆ አባቱን ሊሰናበት ዞር አለ። ጋሽ ሾዴ ግን ከዳር ጀምረው መቁጠር ይዘዋል። ምንም ሳይላቸው ወጣ።

መንገዱ ጫፍ ላይ ጎረቤታቸው እማማ ቦሰና አገኙት። "የሺጥላ! እንኳን እግዜር አተረፈልን!" አሉና መንገዱ መሃል ቆመው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። "ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ…"

ለታ ሚኒባሱ ጋ ደርሶ እየገባ ነው። የየሺጥላ ቀኝ እጅ ሊዘረጋ ተነሳ። ኪሱ ውስጥ ከተተው።

"እማማ፣ ይቆዩኝ" አለ።

እማማ ቦሰና አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ እንዲህ ያለ ነውር ከሾዴ ልጅ አይጠብቁም ነበር። እሱ ወረቀቱን እንደያዘ ሮጦ ሚኒባሱ ውስጥ ገባና ከለታ አጠገብ ተቀመጠ።