መኪናው የት ይደር

«እንግዲህ ሾላ አፋፍ ሰው የላትም» አለ ኢስሀቅ፣ ግድግዳው ላይ የበራውን ካርታ በእስክሪብቶ እየነካ። «መኪናው መስኖ በር ይደር።»

ዘሀራ ከኋላ ወንበር ብድግ አለች። ከጄኔቭ ዳር፣ ከቬርኒየ፣ በጠዋት ተነስታ ዙሪክ ድረስ የመጣችው ይህን ልትሰማ አልነበረም።

«ሰው የላትም? እኔን ታዲያ ማን ወለደኝ፣ ድንጋይ?»

አዳራሹ ሳቀ። ልጇ ሉበና ቀሚሷን ጎተት አደረገቻት። ማን ሊቀመጥላት።

ስዊስ ያሉ የወሎ ልጆች አዋጥተው ለሁለቱ መንደሮች አንድ ላንድክሩዘር ገዝተዋል። ቀን የሁለቱንም በሽተኛና ወላድ ያመላልሳል፤ ማታ ግን አንዱ ዘንድ ማደሩ ነው። ምጥ ደግሞ ጨለማ ይወዳል። የዘሀራ እህት የጦይባ ምራት አምና በወሳንሳ ተሸክመዋት ወደ አስፋልት ሲወርዱ መንገድ ላይ ወለደች፤ ልጁ አልተረፈም። አሁን እንደገና ወሯ ገብቷል።

«እትዬ ዘሀራ፣ የልጆቹን ቁጥር እኔ ከኪሴ አላወጣሁትም» አለ የመስኖ በሩ ኢስሀቅ። «የእኛን ከትምህርት ቤቱ ወሰድን። እናንተ ጋ ትምህርት ቤት ስለሌለ ቤት ለቤት ተጠየቀ።»

«ምን ተብሎ?»

«ስንት ልጅ አላችሁ ተብሎ ነዋ።»

«እናትህ እንደዚያ ብሎ ለጠየቃት እንግዳ ስንት አለኝ ትለው ነበር?»

ኢስሀቅ አንገቱን አከከ። «ያሉትን አላህ ያኑርልኝ ነው የምትለው።»

«ሲጨቀጭቃትስ?»

«ግማሹን ትደብቃለች። ዓይን ፈርታ።»

«እኔን ሳይሆን እሷን ስማት እንግዲህ።»

ሊቀመንበሩ ዓብዱልሰመድ ትራም የሚነዳ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። «ታዲያ እንዴት ብለን እንጠይቅ፣ እትዬ?»

«ልጅ ለዱዓ በስሙ ይጠራል እንጂ አይቆጠርም» አለችና ስልኳን ለሉበና ሰጠች። «ለአክስትሽ ደውይልኝ። ሰው ሁሉ ይስማት።»

«ጦይባ፣ መኪናው የት ይደር እየተባለ ነው፤ ሰው የላችሁም ብለውናል። ለልጆቹም ዱዓ እናደርጋለን። ሴቶቹን ጥሪልኝ፤ የልጆቻቸውን ስም ይንገሩን።»

«ስም ብቻ?»

«ስም ብቻ። ቁጥር ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

ትንሽ ቆይቶ የሴቶች ድምፅ መጣ። ሰይድ። ፋጤ። ኑሪያ። ይማም። አንዷ ሳትጨርስ ሌላዋ ትቀማታለች። «ቆይ እንጂ፣ የእኔ አላለቀም።» «መንታዎቹን ዘለልሻቸው፣ አንቺ።» «ከላይ ሰፈር ገና እየመጡ ነው፣ እንዳትዘጉት።» ዓብዱልሰመድ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጭረት እየጫረ ይከታተል ነበር፤ ወረቀቱ በሁለቱም በኩል ሲሞላበት እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ለሻይ ሊነሱ የነበሩት ሰዎች ተመልሰው ተቀመጡ። ዘሀራ መሀል አዳራሹ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች፣ እንደ ባለ ሠርግ።

በመጨረሻ የጦይባ ድምፅ ብቻ ቀረ። «የሚመጣውስ? እሱ ገና ስም የለው።»

 ዘሀራ እጇን ከወገቧ አወረደች።

«እንግዳው እንበለው» አለ ኢስሀቅ። ካርታውን አጠፋና ፊቱን ወደ ሰዉ አዞረ። «መኪናው ሾላ አፋፍ ይደር የምትሉ?» የራሱን እጅ አስቀድሞ አወጣ። ያላወጣ አልተገኘም።

ስልኩ ውስጥ እልልታው ሲቀልጥ ሉበና ቦርሳዋን አነሳች። «እማ፣ ነይ፣ ባቡሩ ሊያመልጠን ነው።»

«ይሂድ። ዱዓ ብዬ ስም አስጠርቼ ልሽሽ?»

ዘሀራ ወንበር ስባ ከኢስሀቅ አጠገብ ተቀመጠች።

«ጦይባ፣ እንዳትዘጊ። ከመጀመሪያው ጀምሩልን፤ አሁን ቀስ ብላችሁ።» ወደ ኢስሀቅ ዞረች። «ዱዓውን አንተ ምራ። ከመስኖ በር ልጆች ጋር ቀላቅላቸው።»

መዳፏን ዘረጋች።