ውኃ ሲጠጣ የጸደቀው በጀት

ጭብጨባው ሲነሣ ጓድ ተስፋማርያም ገና ውኃ እየጠጣ ነበር።

የኮሌጁ ኃላፊ ነው። የመጪውን ዓመት በጀት ለቦርዱ ሲያነብ ጉሮሮው ደረቀበትና ዐረፍተ ነገሩን መሀል ላይ አቁሞ ብርጭቆውን አነሣ። በዚያ ዘመን ስብሰባ የሚባል ሁሉ ወጉ አንድ ነበር፤ ተናጋሪው ትንፋሽ ሲወስድ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ የተጨበጨበለትም ነገር እንደ ጸደቀ ይቆጠራል። የቦርዱ አባላትም እንደ ለመዱት አጨበጨቡ። ተስፋማርያም ብርጭቆውን አስቀመጠና ገጹን ገለጠ።

«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ ወደሚቀጥለው እንለፍ» አለ።

የሻሽወርቅ ጠመኔዋን እንደያዘች ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ደርቃ ቀረች። ከመሥሪያ ቤቷ የተላከችው የመንግሥት ኮሌጆች ቦርዶች በጀት እንዴት እንደሚቆጣጠሩ ልታሠለጥን ነው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ስትደጋግም የዋለችው ሳትጠይቁ አታጽድቁ የሚለውን ነበር። ሁሉም አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰምተዋታል። ዛሬ በራሳቸው በጀት ሲለማመዱ ትምህርቷ አንዲት ብርጭቆ ውኃ መሻገር አቃተው።

የተቋረጠው ዐረፍተ ነገር ደግሞ፣ ለልምምዱ በተሰጣት ግልባጭ እንዳነበበችው፣ እንዲሁ የሚታለፍ አልነበረም። ለሴት ተማሪዎች ማደሪያ ጣሪያ የተያዘው ገንዘብ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል መድረክ መሥሪያ ይዛወር የሚል ነው። ማደሪያው ስለሚያፈስ ልጆቹ ትተውት ወደ ገርጂ በኩል ቤት ተከራይተዋል። ማታ ከቤተ መጻሕፍት ሲመለሱ መንገዳቸው በማሳ መሀል ነው፤ የጅቡም መንገድ ያው ነው። በዚህ ክረምት ሁለቱ ትምህርቱ ይቅርብን ብለው ወደየአገራቸው ገብተዋል። የሻሽወርቅ ይህን ትናንት በሻይ ሰዓት ከራሳቸው ከልጆቹ ሰምታ አንጀቷ ተቃጥሏል።

ግን አሠልጣኝ እንጂ የቦርድ አባል አይደለችም፤ ድምፅ የላትም። አለቃዋ ጓድ ዓለምሰገድም ሲሸኛት ዝም አይነቅዝም ብሎ መክሯት ነበር። ሴሚናር በደማቅ ጭብጨባ ካልተዘጋ እንዳልተሰጠ ነው የሚቆጠረው ብሏታል። ባለፈው ዓመት ነገር ያበዛ አንድ ባልደረባዋ ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ቀርቷል። እሷ ደግሞ ጥላቸው የማትሄድ የታመሙ እናት አሏት። ፈራች፣ በጣም ፈራች። ቢሆንም የልጆቹ ፊት ከዓይኗ አልጠፋ አለ።

«ጓዶች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «ከመቀጠላችን በፊት ትንሽ መልመጃ እንሥራ። አሁን ያጸደቃችሁት ምንድን ነው? እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ አባባል ንገሩኝ።»

አንዱ ጣሪያውን ያይ ጀመር፣ ሌላው እስክሪብቶው ጠፍቶበት ኪሱን ይዳብስ ገባ። የሴቶች ማኅበር ተወካይዋ ወይዘሮ ዘሃራ ሻሻቸውን አስተካከሉ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ላይ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ በጭብጨባ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚቀድማቸው አልነበረም።

«እኔማ እውነቱን ልንገርሽ ልጄ፣ ውኃ ሲጠጣ ነው ያጨበጨብኩት» አሉ። «ያለቀ መስሎኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት ሊቀመንበሩ፣ ጡረታ የወጡት መምህር አቶ ገብረወልድ ብቻ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሳይገባው ገብቶኛል የሚል ተማሪ ሲቆጡ የኖሩ ሰው ናቸውና እፍረት ፊታቸውን አቀላው። የተቋረጠው ዐረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው እንዲነበብ አዘዙ። ተስፋማርያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበው። የሻሽወርቅም ከልጆቹ የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች።

«ተነሡ፣ ሄደን እንየው» አሉ ገብረወልድ።

ዝናቡ ይወርዳል። ቦርዱ በሙሉ ኮቱን በራሱ ላይ እየጣለ ጭቃውን ተሻገረ። ማደሪያው ውስጥ ፍራሾቹ ወደ አንድ ጥግ ተገፍተዋል፤ ወለሉ ላይ የተደረደሩት ባልዲዎች ሞልተው ይፈሳሉ። ወይዘሮ ዘሃራ አንዱን ፍራሽ በመዳፋቸው ተጫኑት፤ ውኃ አቀረረ። ለራሱ ሴት ልጅ እንዲህ ያለ መኝታ ማን ይፈቅድ ነበር ሲሉ ጮክ ብለው ጠየቁ።

ተስፋማርያም ወደ ሊቀመንበሩ ጠጋ አለ። «ከበላይ መድረኩ ያምር ተብዬ ነው። በጭብጨባ የጸደቀን የአብዮት በዓል ገንዘብ ብንመልስ ተቃውሞ እንዳይመስልብን» አለ።

ተቃውሞ የምትለው ቃል ስትወጣ ሰው ሁሉ ወደየእግሩ አቀረቀረ።

«ሴት ልጅ ከጅብ አምልጣ ትማር ማለት ከየትኛው አብዮት ጋር ይጣላል?» አሉ ገብረወልድ። «ብቻህን ከፈራህ ቦርዱ ወሰነ በል። እኛ የተቀመጥነው ለዚህ ነው።»

«መድረኩን በበርሜልና በሳንቃ አቁሙት» አሉ ዘሃራ። «ቀዩን ጨርቅ ከሱቄ አምጥቼ አለብሰዋለሁ። ከታች ያለውን በርሜል ማን ያያል?»

ተስፋማርያም ፈገግ አለ፤ ሸክም የወረደለት ሰው ይመስል ነበር። የሻሽወርቅ ያን ጊዜ ነው ሰውየውም ሲፈራ እንደ ከረመ የገባት።

ወደ አዳራሹ ተመልሰው አንድ በአንድ፣ ምን እንደሚያጸድቁ በየአፋቸው እየተናገሩ እጃቸውን አወጡ። ከነዝናቡ የገባው ጫማ ወለሉን አጨቅይቶታል፣ ጸሐፊዋ የሚባለውን ሁሉ ለመያዝ ትሮጣለች፣ ገብረወልድም አንዱ አጉረምርሞ ሊያልፍ ሲል አስቁመው ደግመው ያስብሉታል። ወይዘሮ ዘሃራ ተራቸው ሲደርስ ጣሪያው ከመስከረም በፊት ይለቅ የሚል ጨመሩበት፤ እሱም ጸደቀ። ያ ቦርድ ከተቋቋመ ጀምሮ ምን እንደ ወሰነ አውቆ የወሰነው ያን ቀን ነበር፤ የሻሽወርቅም ደስታዋን የምታደርግበት አጥታ ንጹሑን ሰሌዳ ደጋግማ ጠረገች።

በመጨረሻ ተስፋማርያም በወጉ መሠረት አሠልጣኟ በጭብጨባ ትመስገን አለ። አንዳንዱ እጁን አነሣ። ወይዘሮ ዘሃራ ግን እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ።

«ቅር አይበልሽ ልጄ» አሉ። «ጣሪያው ተሠርቶ ስናይ ጠርተንሽ እናጨበጭባለን።»

የተነሡት እጆች ቀስ እያሉ ወረዱ። ሴሚናሩም በጸጥታ ተዘጋ።

ልትወጣ ስትል በኮሌጁ ቢሮ ስልክ ተደወለላት፤ ጓድ ዓለምሰገድ ነው። ሪፖርቱን ለበላይ ከማቅረቡ በፊት በደማቅ ጭብጨባ መዘጋቱን ማረጋገጥ ፈልጓል። የሻሽወርቅ እናቷን አሰበች። አዎን ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል። በመስኮቱ ስትመለከት ሁለት ልጆች ከገርጂ በኩል ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው በዝናብ ሲመጡ አየች።

«አልተጨበጨበም» አለች።

«ምን አጥፍተሽ ነው?»

«አሠልጥኛቸው ነው።»