ክዳኗ የቆመችበት ርቀት

«ተይው አክስቴ፣ እኔ እወለውለዋለሁ» አለች መንገድ ቀያሿ፤ የአክስቷ እጅ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሳይደርስ ያዘችው።

አክስቷ እርጥብ ጨርቋን እንደያዘች ቆመች። አቧራ አይታ ማለፍ የማይሆንላት ሴት ናት፤ ሠርግም ይሁን ኀዘን፣ ለእሷ ቤት መጀመሪያ ይጸዳል። ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱን፣ የወንበሮቹን እግርና የበሩን እጀታ ሳይቀር ስታሽ ውላ የቀራት ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ያለው የሟቹ ካሜራ ብቻ ነበር። ደጋግመው ስለከለከሏት ቅር ቢላትም፣ አባት የሞተባትን ልጅ ምን ይሏታል፤ ጨርቋን ይዛ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ቀያሿ የምትጠብቀው ካሜራውን ሳይሆን ፊቱ ላይ ያለችውን ሌንስ ነበር። ጥቁር፣ የብረት፣ ከማርማላታ ጠርሙስ ክዳን የማትበልጥ ናት። አባቷም ስሟን ከዚያ አውጥቶ «ክዳኗ» ይላት ነበር። ሞተር የላትም፣ ባትሪ አትጠይቅም፤ በጣት ካላዞሯት ምንም አታደርግም። ዙሪያዋን ርቀቶች ተቀርጸውባታል፤ ከሜትር በታች ይጀምሩና እየራቁ ሄደው መጨረሻ ላይ ተጋድሞ የተሳለ ስምንት ቁጥር አለ። የተኛው ስምንት ተራራው፣ ደመናው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ማለት ነው። ከሥሯ ደግሞ ጣት የሚያርፍባት ትንሽ ጉብታ አለቻት።

አዲሶቹ ሌንሶች ካሜራው ሲዘጋ ያዩትን ይረሱታል። ክዳኗ ግን ካቆሟት ቦታ አትነቃነቅም። አባቷ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ነገር ምን ያህል ርቆ እንደነበር የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ቀያሿም ካሜራውን ከአክስቷ ጨርቅና ከጎረቤት ልጆች እጅ ስታስጥል የሰነበተችው ለዚህ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ የካሜራውን መተኮሻ መጫን አቃተው። ጣቱ ይንቀጠቀጣል። ጉብታዋን ማዞር ግን አላቃተውም። ትራስ ተደግፎ ካሜራውን ወደ ዓይኑ ያስጠጋና የገባውን ሰው ሁሉ ይከተላል። በዚያ ካሜራ መመልከቻ መሃል ላይ ሰው መጀመሪያ ሁለት ሆኖ ነው የሚታየው፤ ጉብታዋን ሲያዞሯት ሁለቱ ይቀራረቡና አንድ ይሆናሉ። አንድ ሲሆኑለት ፈገግ ይልና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ፊልም እናስገባልህ ቢሉት እምቢ አለ። ማየቱ ይበቃኛል ነበር መልሱ።

በሞተበት ቀን ከሰዓት በኋላ እናቷ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ፣ ቀያሿ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ ከፕላኖቿ ጋር ነበሩ። እሱ ካሜራውን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደተኛ አልነቃም። ካሜራውን ከደረቱ ላይ ስታነሳ ጉብታዋ ከተኛው ስምንት ርቃ መቆሟን አየች፤ ቁጥሩን ግን አላነበበችም። ቁጥር ማንበብ ሥራዋ ነው፣ ይሄ ደግሞ ሥራ እንዲሆንባት አልፈለገችም። እንግዳው ሲቀንስ፣ ልቧ ሲረጋ፣ ብቻዋን ታየዋለች። የእናቷ ወንበር ይሁን የእሷ ጠረጴዛ ወይስ መስኮቱ፣ ያኔ ታውቃለች። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ በሆንኩ ብላ እንደ ሕፃን ተመኝታለች።

ቤቱ ሞልቷል። ሻይ ይዞራል፣ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራል፤ የሚያወራውም ስለ ፎቶ ነው። ከአባቷ ፎቶግራፍ ቤት ጎን የምትሠራው ልብስ ሰፊ፣ ትልቅ ካሜራ ፊቷ ሲደቀን ትከሻዋ እንጨት እንደሚሆንባት፣ በእሱ ካሜራ ግን መነሳቷን ሳታውቅ ተነስታ መገኘቷን ትናገራለች። አንድ ሹፌር ደግሞ የመንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ለጎረቤቱ አሳየ፤ በጉርድ ፎቶ ላይ ሰው ያስመሰለው ሟቹ ብቻ መሆኑን ለማስረዳት ነው። ጎረቤቱ ፎቶውንም ሹፌሩንም አይቶ፣ አዎ፣ ትልቅ ባለሙያ ነበር አለ። ቀያሿ ሳቋን በሻይ ትሪው ጋረደችው።

በልጅነቷ ከአባቷ ጋር መንገድ መሄድ ማለት ጥያቄ መመለስ ማለት ነበር። ክዳኗ ኮት ኪሱ ውስጥ ትገባለች፣ ካሜራውም ከእሷ ጋር። ድንገት ይቆምና «ያ ሰውዬ ስንት ነው?» ይላታል። ሦስት ሜትር ትላለች። በክዳኗ ያየዋል። «አራት። አሳጠርሽው።» ምሰሶ ስንት ነው፣ አህያዋ ስንት ናት፣ እናትሽ ከበሩ ስንት ናት። ሌላው ልጅ ማባዛት ሲሸመድድ እሷ በዓይኗ መንገድ ስትለካ አደገች። ዛሬ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተክላ መንገድና ድልድይ ትቀይሳለች። መሣሪያው ቁጥሩን ከመንገሩ በፊት ቀድማ ትገምታለች፣ እምብዛም አትስትም። ሥራ ባልደረቦቿ ጠንቋይ ይሏታል። ይህን እንጀራ ያበላት ያች የብረት ክዳን መሆኗን ማንም አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ መድፈኛው መጣ።

መድፈኛው ወታደር ሆኖ አያውቅም። ከአባቷ ጋር አንድ ፎቶግራፍ ቤት ለሁለት ሲሠራ የኖረ ባለሙያ ነው። ክንድ የሚያክል ሌንስ ተሸክሞ ሠርግ ቤት ሲገባ ሕፃናት እናታቸው ቀሚስ ውስጥ ስለሚደበቁ ስሙ ወጣለት። በክዳኗ ሲስቅ ኖሮ፣ አንድ ቀን ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ የእሱ መድፍ ባትሪ ጨርሶ ጸጥ አለ። አባቷ ክዳኗን ከኪሱ አወጣ። የሙሽራዋ አጎት ደንግጠው ክዳኑን እንዲከፍት ቢጠይቁት፣ «ተከፍቷል ጋሼ፣ ትልቁ ደክሞት ተኝቶ ነው» አላቸው። የዚያን ቀን ፎቶ ያየ ሁሉ ወደደው። ከዚያ ወዲህ መድፈኛው ክዳኗን መዋስ ጀመረ፤ መጀመሪያ በድብቅ፣ በኋላ በአደባባይ። ፊልም ቀርቶ ዲጂታሉ ሲመጣ እንኳ አባቷ ማገናኛ ቀለበት አስበጅቶ አዲሱ ካሜራ ላይ ገጠማት፤ ሁለቱም በእሷ መሥራታቸውን ቀጠሉ። ወደ አሮጌው የፊልም ካሜራ የተመለሰችው አባቷ ሲታመም ነው።

በመካከላቸው አንድ ደንብ ነበር። ክዳኗን ያስቀመጠ ሰው ጉብታዋን ወደ ተኛው ስምንት ይመልሳል። እዚያ ስትሆን ወደ ውስጥ ገብታ አጥራ ትቀመጣለች፣ ቀጥሎ የሚያነሳትም ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። በዚህ ደንብ ሲኖሩ ጣታቸው ርቀትን ለመደ። ጉብታዋ ቀጥ ብላ ወደ መሬት ከሆነች ጠረጴዛ ተሻግሮ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ወደ ግራ ሲገፏት ቀርቦ የቆመ ነው። ካሜራውን ወደ ዓይን ሳያነሱ ይጨርሳሉ።

መድፈኛው አለቀሰ። ሰው ሊያስቀምጠው ሲል አልቀመጥም ብሎ በቀጥታ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ። ቀያሿ ትሪ እንደያዘች አየችው፤ ልትከለክለው አፏን ከፍታ ተወችው። ይህን ካሜራ ለማቀፍ ከእሱ የበለጠ ማን መብት አለው? ካሜራውን አነሳ፣ ደረቱ ላይ አስጠጋ፣ ከዚያ ጣቱ ወደ ክዳኗ ሥር ገብቶ ጉብታዋን አገኘና እስከ ተኛው ስምንት ድረስ ወሰዳት። በክብር መልሶ አስቀመጣት።

ቀያሿ ትሪውን ለአክስቷ ሰጥታ ወደ ጓዳ ገባች። አቧራ ከሚጠርገው ጠብቃት፣ ከማያውቀው ጠብቃት፣ አባቷ ያቆማት ቦታ ግን በሚያውቀው ሰው እጅ ጠፋ። መድፈኛው ፊቷን አይቶ ኖሮ ተከትሏት መጣ።

«ምነው ልጄ? አጠፋሁ?»

ነገረችው። ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፣ ሲመጣ ግን ድምጿ ለቅሶ ሆነ። መድፈኛው ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ። ግድግዳውን ተደግፎ እጁን አየ።

«በሕይወት ሳለ ሳትመለስ ካገኛት ይቆጣ ነበር» አለ። «እሱን ላክብር ብዬ... ማሰቤን እንኳ እንጃ። ጣቴ ነው የመለሳት።»

ቀያሿ ቀና አለች። «ጣትዎ ከየት አነሳት ጋሼ?»

ተያዩ። ሁለቱም ካሜራውን ይዘው አልጋው ወዳለበት ክፍል ገቡ። ማን የት ተቀምጦ እንደነበር አልነገረችውም፤ ደግ ሰው ነው፣ ሊያስደስታት ሲል ጣቱ ይዋሻል ብላ ፈራች። ዓይኑን ጨፈነ። ጉብታዋን ካገኘበት ቦታ ሲያደርሳት ቁጥሩን አነበበች። አዛብታ መልሳ ሰጠችው። በእሷ ሙያ የመጀመሪያው ልኬት አይታመንም፤ ይደገማል፣ ይሠለሳል። ደጋግሞ ሞከረ፣ በየጊዜውም ጣቱ እዚያው አካባቢ ቆመ። ከሜትር በታች፣ ክዳኗ ማየት ከምትችለው ቅርቡ ላይ።

«ቅባቷ ወፍሯል፣ በራሷ አትዞርም» አለ መድፈኛው ዓይኑን ሳይገልጥ። «እሱ ራሱ ነው እዚህ ያደረሳት።»

ቀያሿ ክፍሉን በዓይኗ ለካች። ጠረጴዛዋ ሩቅ ነው። የእናቷ ወንበር እንኳ ከዚህ ይርቃል። መስኮቱማ አይነሳም። እሷ አልነበረችም ማለት ነው፤ ማንም አልነበረም። እንቅልፍ እየወሰደው ዝም ብሎ ጣቱን አንቀሳቅሶ ይሆናል ብላ አሰበች፣ ይሄ ደግሞ ከሁሉም ባሰባት።

እናቷ እንግዶቹን ትታ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። ምን እንደሚያደርጉ ጠየቀች። ልጅቷ ስትነግራት ወደ ውስጥ ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ውሃ ልታመጪ ወጥተሽ ነበር» አለች። «ትራሱን ላስተካክልለት ጎንበስ ስል ካሜራውን አነሳብኝ። ፀጉሬ ተንጨባሯል፣ ፊቴ በእንቅልፍ እጦት አብጧል። ተው እንጂ፣ አሁን እኔን ምን ታደርገኛለህ ብዬ እጁን ወደ ታች ገፋሁት። ሳቀ። ሳቀና ተኛ።»

እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ከካሜራ የሸሸች ሴት ናት። በቤቱ አልበሞች ውስጥ ክርኗ አለ፣ ጀርባዋ አለ፣ ፊቷን የጋረደ መዳፏ አለ። የፎቶ አንሺ ሚስት ፎቶ የላትም እያለ ዘመድ ሲቀልድባት ኖሯል።

«ከዚያን ቀን ወዲህ ሆዴን የሚበላኝ ይሄ ነው» አለች። «የገባ የወጣውን ሰው ሁሉ አየ። እኔን ሊያየኝ ሲል አላስጨረስኩትም።»

መድፈኛው ካሜራውን አቀረበላትና ጉብታዋን በጣቱ አሳያት።

«ጨርሷል እህቴ። እዚህ የደረሰው ሁለቱ አንድ ሆነውለት ነው። አንድ ሳይሆኑለት ትቶ የሚያወርድ ሰው አልነበረም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። አይቶሽ ነው እጁን የገፋሽው።»

እናቷ የዚያን ጊዜ አለቀሰች። በእንግዶቹ መሃል ካለቀሰችው ሌላ ዓይነት ለቅሶ ነበር፤ ትከሻዋ ወርዶ፣ ፊቷን ሳትሸፍን። ቀያሿ አቅፋት ተቀመጠች። እኔ በሆንኩ ያለችውን አስታውሳ ውስጧን ፈተሸች፣ ቅናት ካለ ብላ። ያገኘችው ምስጋና ነው። አባቷን አመሰገነችው፤ ለሰጣት ዓይን፣ ለዚያ ሁሉ «ስንት ነው»፣ ሚስቱን አይቶ ለመተኛቱ። የመድፈኛውን ስህተት ሳይቀር አመሰገነች። ጉብታዋ ሳትነካ ብትቀር ኖሮ ቁጥሩን ብቻዋን አይታ፣ ምንም ሳይገባት፣ ለማንም ሳትናገር ትተወው ነበር፤ እናቷም ያንን ይዛ ታረጅ ነበር።

መድፈኛው አፍንጫውን እየጠረገ እንግዶቹን ላያቸው ብሎ ወጣ። ከወዲያኛው ክፍል አክስቷ እግሩን እንዲያብስ ስታዘው ተሰማ።

ቀያሿ ካሜራውን ይዛ አልጋው ላይ ወጣችና ግድግዳውን ተደገፈች። ጉብታዋን መድፈኛው ካቆማት ቦታ አልነካቻትም። በመመልከቻው መሃል ሁለት እናቶች ታዩ፤ ሁለቱም ዓይናቸው ያበጠ፣ ፀጉራቸው ያልተበጠረ። ክዳኗን ስለማታዞር ራሷ መጠጋት ነበረባት፤ ወገቧን ከግድግዳው አላቃ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ፊት አዘነበለች።

የእናቷ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ፊቷ ተነሳ። መንገድ ላይ ቆመ፣ ተመልሶም ጭኗ ላይ አረፈ።

«ጨረስሽ?»

«ገና ነኝ እማ።»

«አይዞሽ፣ አልቸኩልም» አለች እናቷ፤ ፊቷንም ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችላት።